ዱላዬ ካለ እኔ አለሁ

ነይ ሙሀባ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ሾላው ጥላውን ሳያዞርብን። እንዴት ከረምሽ? ኮምቦልቻ እንዴት ናት? ልጅሽ በሰላም ተገላገለች? እሰይ፣ እሰይ! ወንድ ነው ሴት? … ሁለት? ኧረ እልል በይ! አላህ በአንድ ቀን ሁለት ሲሰጥሽ እንዲህ ቀስ ብለሽ ትነግሪኛለሽ? ያሳድግልሽ። ከስተሽ ነው የመጣሽው ግን፤ መንታ ስታዝይ ከርመሽ ነዋ። ይቺን ሎሚ ያዣት፣ ለአንቺ ብዬ ነው ያመጣኋት፤ ሙቀቱን ትቆርጥልሻለች።

እኛማ አለን። ሸዋ ሮቢት የት ትሄዳለች? ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈን፣ በልጉንም እንጃ። ወንዙም ሳስቶ ሳስቶ ይኸው እንደምታዪው ነው፣ ፍየል ሳትረጥብ ትሻገረዋለች። ሁለት ወር ሙሉ ስላልነበርሽ ብዙ ነገር አምልጦሻል። አይዞሽ፣ ስብሰባው እስኪጀመር እኔ ፈለቀች አለሁልሽ። የመስኖ ባለሙያው መንገድ ላይ የሞተር ብስክሌቱ ጎማ ተንፍሶበት ቆሟል አሉ። የሚነፋለት ሰው ጠፍቶ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ጎማ መንፋት የሚያውቅ ጠፍቶ … አይ፣ ሙያውስ ነበረን፤ እጁን የሚያወጣ ነው የጠፋው።

አጀንዳው? የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍለንን የውሃ አባት መምረጥ ነዋ። መምረጥ ማለቴ ያው ነባሩን ማጽደቅ ነው። እነዚያን ከፊት የተደረደሩትን አየሻቸው? አንድ ለአምስት ተደራጅተው ነው የሚያጨበጭቡት። አንዱ እጁን ሲያነሳ አምስቱ ይከተሉታል፤ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ኸድር ይመረጥ ያለ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ተቃወምኩ። ኸድር ምን ያውቃል? ጎህ ሲቀድ ቦዩ ላይ ነው፣ ሲመሽ ቦዩ ላይ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው እንዴት ሕዝብ ይመራል?

ጮክ አልኩብሽ እንዴ? ጆሮሽ ከበድ ይላል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ማን እንዲሰማልኝ! ወደ ኋላ አትዙሪ። ግንዱን ተደግፈው የተቀመጡትን ሽማግሌ ስትመጪ ሰላም ብለሻቸዋል፣ ይበቃል። ሳል ይዟቸዋል። ከፍታ ላይ የሚውል ሰው መቼም ንፋስ አያጣውም።

ደንቡን አልረሳሽም። የውሃ አባትን ስሙን ጠርቶ፣ ወይም በጣቱ አሳይቶ፣ በአደባባይ የወቀሰ አንድ ተራ ውሃ ይቀጣል። ጥሩ ደንብ ነው፤ አባቶቻችን ያወጡት ነው፤ አለዚያ ቦዩ ላይ በየቀኑ ስድብ ነበር። የኔ ተራ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ነው። ታችኛዋ ማሳዬ ላይ ያለችው ሽንኩርት አንድ ተራ ካለፋት … እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ እንኳን ሰው ልወቅስ ትንፋሼንም እየቆጠብኩ ነው። ስለዚህ የዚህን አገር ሰው አናነሳም። የካራቆሬን ላውራሽ። ካራቆሬ ሩቅ ነው፣ ማንም አይቀየመንም።

ካራቆሬ አንድ የውሃ አባት አሉ አሉ። እነሱም እንደኛው ወንዝ ጠልፈው በተራ ነው የሚያጠጡት። የውሃ አባቱም እንደኛው ዱላ አላቸው፤ ዱላቸውን የተከሉበት ቦይ የዚያ ባለማሳ ተራ ነው፤ እሳቸው መጥተው ካልነቀሉት በቀር ማንም ውሃውን አይመልስም። ልጅ እንኳ አይነካውም። እንዴት ያለ የተባረከ ሕዝብ ነው! ለእንጨት እንዲህ የሚታዘዝ ሕዝብ ለሰው ምን ያህል ይታዘዝ ይሆን?

ሰውዬው በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ነበሩ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰዉ "አብራሪው መጡ" ብሎ ተቀበላቸው። እሳቸው ደግሞ ትሕትናቸው! ሰው ማሳፈር አይወዱም፤ አንድ ቀን እንኳ "ተሳስታችኋል" ብለው ማንንም አላሳፈሩም። አብሯቸው የሠራ ሰው ለለቅሶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ "እኔና እሳቸው የአውሮፕላን ጎማ ስንነፋ …" ብሎ ሲጀምር፣ ወዲያው የጸሎቱ ሰዓት መድረሱን ያስታወሱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ጎማ መንፋት ነውር ነው? ጎማው ካልተነፋ አውሮፕላን በሆዱ ተስቦ ይነሳል? እኔ በበኩሌ ጎማ የነፋ እጅ ይበልጥብኛል። የካራቆሬ ሰው ግን ከላይ ሆነው አገር ያዩ ዓይኖች አያዳሉም ብሎ ውሃውን ሰጣቸው።

አሁን ታዲያ በስተርጅና እግዜር የልባቸውን ሞላላቸው። የእህታቸው ልጅ ከዱባይ ኮምፒዩተር ላከላቸው፤ ኮምፒዩተሯ ውስጥ አውሮፕላን አለች። አትሳቂ! ጨዋታ ናት፣ ግን እንደ እውነተኛዋ ናት አሉ፤ ከፍታዋ አለ፣ ፍጥነቷ አለ፣ ደመናው ሳይቀር አለ። ምሳቸውን በልተው ከደብረ ዘይት ይነሳሉ፣ ባሕር ዳር ደርሰው ይመለሳሉ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ። አንድ ጊዜ ጣና ውስጥ ወድቃባቸው ሦስት ቀን ከሰው አልተቀላቀሉም። የእውነት የመሰለው አንድ ገበሬ "ስንት ሰው አለቀ ጋሼ?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "ብቻዬን ነበርኩ" አሉት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚባለው ለኛ ለድሆቹ ነው። የእሳቸው ላም ክንፍ አላት።

አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ መሪ። በኪቦርዱ ሲያበሯት ትወላገድባቸዋለች። ለዚህ የሚሆን ዱላ አለ፤ ጆይስቲክ ይሉታል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም አጭር ዱላ ነው። ወደ ፊት ሲገፉት አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ወደ ራስ ሲስቡት ትነሳለች። ካራቆሬም ምቀኛ አይጠፋምና "ሰውዬው አንድ ዱላ አላቸው፣ ሁለተኛ ምን ያደርግላቸዋል?" ያለ አለ። ያኛው ከሹመቱ ጋር የሚወረስ የሕዝብ ነዋ! ይኸኛው የራሳቸው ነው።

ልጁ "አጎቴ፣ የትኛውን ልላክልህ?" ሲላቸው ሌላ ሰው ቢሆን "የተገኘውን" ይል ነበር። እሳቸው ግን የዕቃውን ቁንጮ ነው የፈለጉት፣ ባለሙያ የሚይዘውን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል? እሳቸው አልቸኮሉም። ሁለት ወር መረጡ። አስፋልቱ ዳር ካለው ኢንተርኔት ቤት በጠዋት ይገባሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠብቃሉ፣ ሲመጣ ይመርጣሉ። እኔ እንኳ ሰምቼ ሰምቼ ባለሙያ ሆኛለሁ፤ ጠይቂኝ። ርካሹ ውስጡ እየተፋተገ ያልቃል፤ ሲያልቅ እጅሽን ከላዩ ብታነሺም አውሮፕላኗ በራሷ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ውዱ ግን በማግኔት ነው የሚሠራው፤ አይፋተግም፣ አያልቅም፤ ስትለቂው ወዲያው ወደ መሐል ይመለሳል። ወደ መሐል! ወደ ማንም ሳያዳላ! እንዲህ ያለ ዱላ በሰው አገር እየተሠራ እኛ … ማለቴ ካራቆሬዎች ሳያውቁት መኖራቸው አያሳዝንም?

ከዚያ ደግሞ የአውሮፕላኗን ጭራ የሚያዞረው ነገር መጣ። ዱላው ራሱ የሚጠመዘዝ ይሁን፣ ወይስ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ለብቻው ይገዛ? ይህ ብቻውን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቀጥሎ የእጅ ነገር ተነሳ። ሰውዬው የሚቀናቸው ግራ እጃቸው ነው፤ ምርጥ ምርጦቹ ደግሞ ለቀኝ እጅ ተቀርጸው የተሠሩ ናቸው። በግራ የሚያዝ ሲገኝ እጀታው ጎማ ሆነ፤ በዚህ ሙቀት ጎማ የያዘ መዳፍ በላብ ይሟሟል። እሳቸው ለአንዲት ዱላ የተጠበቡትን ያህል ሕዝቡ የውሃ አባት ሲመርጥ ተጠቦ ቢሆን፣ ካራቆሬ ዛሬ ገነት ነበረች።

እዚያው ካራቆሬ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ አለች። እንደኔ ሽንኩርት ነው የምትተክለው፤ እንደኔ አንድ ላይኛው አንድ ታችኛው ማሳ አላት። የአጋጣሚ ነገር ነው። ስሟንም አላውቀውም። የላይኛው ማሳዋ ሽንኩርት ራስ እየቋጠረ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ውሃ የቀረበት ሽንኩርት እንዴት እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። ተራዋ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ከእሷ በፊት ያለው ተረኛ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ማሳው ባዶ ነው፣ ገና አልተዘራበትም፤ ግን ተራ ተራ ነው። የውሃ አባቱ በጠዋት መጥተው ዱላቸውን ሊቀመንበሩ ቦይ ላይ ተከሉ። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጡ፤ በማግስቱ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ስለነበር ልጁ "ዛሬውኑ ንገረኝ" ብሏቸው ነበር።

እኩለ ቀን ሆነ። ሴትዮዋ አካፋዋን ይዛ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። ዱላው ቆሟል። ውሃው ባዶው ማሳ ውስጥ ይንዶለዶላል። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዱላው እንደ ቆመ ነው። ሽማግሌዎቹ ያያሉ፣ ሴቶቹ ያያሉ፤ ከንፈሩን የሚመጥ እንጂ ዱላ የሚነቅል የለም። እንዴት ይነቀላል? አባት የተከለው ነው! በመጨረሻ ሴትዮዋ በጭቃ እግሯ፣ አካፋዋን እንደ ያዘች፣ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሄደች።

እንዴት አድርገው እንደ ተቀበሏት! ሰው አክባሪ ናቸው እኮ። "ነይ እህቴ፣ በደህና ጊዜ መጣሽ" ብለው ወንበር ሳቡላት፤ ሁለት ዱላ ጎን ለጎን አሳዩዋት። "ከእነዚህ የትኛው ያምርሻል?" እሷ ስለ ውሃው ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ዱላውን ወደ መሐል ስለሚመልሰው ስፕሪንግ ይነግሯታል። "ጋሼ፣ ተራዬ ከደረሰ ሁለት ሰዓት አለፈ" ትላለች፤ "ስፕሪንጉ ከጠነከረ እጅ ያደክማል፣ ከላላ ደግሞ ትወላገዳለች" ይላሉ። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አካፋ አዩት። "እስቲ ስጪኝ" አሉና ብረቱን ወለሉ ላይ አሳርፈው እጀታውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙት፤ በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው … በረሩ! ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ወደ ሆዳቸው ሳቡት። ጭቃው ወለሉ ላይ ይራገፋል። ቤቱን የሞላው ወጣት አፉን ይዞ ይስቃል፤ ሴትዮዋ አካፋዋ እስኪመለስላት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ሳቋ አልመጣ አላት እንጂ የሚያስቅስ ነበር።

"ዱላዎስ ጋሼ?" አለቻቸው ስትወጣ። "ዱላዎ እኮ እዚያው ሊቀመንበሩ ቦይ ላይ ነው።" ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ዱላዬ ካለ እኔ አለሁ።" እውነታቸውን ነው። ሁለቱን ማን ይለያቸዋል?

ተመልሳ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጣቷን ዱላው ላይ አሳርፋ ነበር። አባቷ በዚያ ዱላ ተራ ጠብቀዋል፣ ባሏም ጠብቋል፤ በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ እንኳ ከውሃ አባቱ በቀር የነቀለው የለም። እጇን መለሰች። እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፣ ሙሀባ። ክፉ ሰው ብትሆን ማንም ሳያያት ሰርቃ ታጠጣ ነበር። የውሃ አባቱ በማግስቱ እኩለ ቀን መጥተው ዱላቸውን ነቀሉ፤ ያን ጊዜ ተራው የሌላ ሰው ሆኗል። የእሷ ተመልሶ እስኪመጣ አሥራ አምስት ቀን ነው። አሥራ አምስት ቀን፣ በዚህ ፀሐይ! ሽንኩርት ሲከተፍ ያስለቅሳል፤ ሳይከተፍ ሲያስለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? … ምነው፣ ዓይንሽ እንባ ሞላ? የካራቆሬ ሴትዮ ናት አልኩሽ እኮ።

ዱላውስ ተመረጠ ወይ በይኝ እንጂ። አልተመረጠም! ማግኔቱን አገኙ፣ ፔዳሉን ለብቻው ሊያስገዙ ወሰኑ፣ በግራ የሚያዝ ጎማ የሌለበትም ተገኘ፤ ከዚያ ጥቁሩ ይሻላል ግራጫው በሚለው ላይ ኔትወርኩ ሄደ። ከዱባይ የመጣው ሰው ባዶ እጁን መጣ። የአንዲት ሴት ማሳ በዱላ ምክንያት ደረቀ ቢባል አንድ ነገር ነው፤ ላልተገዛ ዱላ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእሳቸው እንቁላል ግን እግር ንቆ ክንፍ እየመረጠ ነው።

ክብሩ ግን አልቀረባቸውም። የሊቀመንበሩ ባዶ ማሳ ያን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ኩሬ ሆኖ እንቁራሪት ይጮህበት ነበር፤ ከላይ የመጡ እንግዶች አይተው ተደነቁ። "የውሃ ማቆር ሥራ" ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ፣ ፎቶ ተነሳ፤ የውሃ አባቱም ኩሬው ዳር ቆመው ሰርተፍኬት ተቀበሉ። ክፉዎች "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላሉ። እሳቸው ግን የሰው ጠብታ አልነኩም፣ ይህን በእውነት እመሰክራለሁ። ሲሾሙ ያልበረሩ እንደሆነ ነው የሚቆጫቸው። ሌባ ቢሆኑማ ይሻል ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ውሃው ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ምን ሰማሁ መሰለሽ? ከዱባይ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ልጁም "አሁን ካልወሰንክ ሌላ የለም፣ ቁርጡን ንገረኝ" ብሏቸዋል፤ መቼ ብትዪኝ … ሐሙስ። ይገርማል አይደል? የካራቆሬዋም ሴትዮ የታችኛው ማሳዋ ተራ ሐሙስ ነው። የቀራት እሱ ብቻ ነው። ዛሬ እዚያም ስብሰባ አላቸው፣ እንደኛው ሾላ ሥር። ሰዉ እጁን ያወጣላቸው እንደሆነ ያቺ ሴትዮ ሐሙስ እኩለ ቀን አካፋዋን ይዛ እንደገና ትቆማለች። እስቲ ፍረጂኝ፤ አንቺ ብትሆኚ እጅሽን ታወጫለሽ? … አትመልሺልኝ፣ አንቺም ተራ አለሽ።

ስሚ፣ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ጎማውን የሚነፋለት አገኘ ማለት ነው። ሻርፕሽን አስተካክዪ። ከኋላችን ያሉትም ሳላቸው ተዋቸው፤ ይኸው ዱላቸውን ይዘው ወደ ፊት ሊሄዱ ተነስተዋል … ይለፉ ጋሼ፣ ይለፉ፤ እኛ ሴቶች ስለ ካራቆሬ ስናወጋ ነው። ወይም ቆም ይበሉና ይስሙልኝ፤ ያንን የካራቆሬውን ሰውዬ ልመርቃቸው ነው። አምቼ ብቻ ብነሳ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ምርቃት ደግሞ ለሰሚውም ይተርፋል።

እግዜር የተመኙትን ዱላ፣ በግራ የሚያዘውን፣ ባለማግኔቱን፣ መዳፋቸው ላይ ያኑርላቸው። አሜን በይ ሙሀባ። ኔትወርኩ አይጥፋባቸው፣ መብራቱ አይሂድባቸው። አሜን። ከደመና በላይ ከፍ ያድርጋቸው፣ በሰርተፍኬት ላይ ሰርተፍኬት ይጨምርላቸው። አሜን። ሐሙስም ቢሆን ይብረሩ፣ በጭቃ እግሩ መጥቶ የሚጠራቸው አይኑር። ደክሟቸው ማረፍ ሲፈልጉ ደግሞ ሜዳ አይቸግራቸው፤ ደብረ ዘይት ድረስ ምን ያለፋቸዋል? ይኸው እዚህ አሻግሮ ላይኛው ማሳዬ አለላቸው። አዎ … ማሳዬ። ቅጠል የለበት፣ ሥር የለበት፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ አስፋልት ደርቆ ተስተካክሏል፤ በገዛ ዱላቸው ያሠሩት ነው። አንዲት ለምለም ነገር እንኳ ጎማቸውን አትነካባቸውም። በሰላም አንስቶ፣ እዚያው ላይ በሰላም ያሳርፋቸው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ።